የጎንደር የብራና መጻሕፍት በዲጂታል ግምጃ ቤት፤ የመረጃው አደረጃጀትና የማረጋገጫው ሥርዓት

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ከተቈረቈረች ጀምሮ የጽሕፈትና የትምህርት ማእከል እንደነበረች የታወቀ ነው። በአድባራቷ የቅኔ፣ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤዎች ተዘርግተው ይኖሩ ስለነበር ለጉባኤው መጽሐፍ፣ ለመጽሐፉም ብራና ፋቂ፣ ቁም ጸሐፊና ደጓሽ ያስፈልግ ነበር። ይህም ሁሉ በአንድ ከተማ ተሟልቶ ይገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ በጎንደር የተጻፈው ሁሉ በጎንደር አልቀረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በከተማይቱ ተቀምጦ ሲመለስ በርካታ የግእዝ መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ በቈየባቸው ዓመታት የሰበሰባቸውን 234 የብራና መጻሕፍት ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1859 በፓሪስ አሳተመ፤ መጻሕፍቱም በዚያው ከተማ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት በመቅደላ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተከማችተው ሳሉ የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባውን በመያዙ፣ ከመቅደላ ክምችት 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጓድ በጎንደር ለወራት ተቀምጦ፣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ጋር ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ወደ ፓሪስ ወሰደ።

በአገር ውስጥ የቀረውን በምስል ለመጠበቅ ከተደረጉት ጥረቶች ትልቁ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሂል ቤተ መጻሕፍት ትብብር ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን መጻሕፍት እያነበቡ ካታሎጋቸውን ለማዘጋጀት ረዥም ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ፊልሞቹ በኋላ ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠው በኢንተርኔት ለአንባቢ ቀርበዋል። በጀርመን አገርም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውሲ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘ የ25 ዓመት ፕሮጀክት፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተበተኑትን የኢትዮጵያና የኤርትራ መጻሕፍት በአንድ ሥርዓት ለመግለጽ ይሠራል።

ከዚህ እንደሚታየው፣ አንድ የጎንደር መምህር የከተማውን የጥንት መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ቢፈልግ መጽሐፉን ራሱን ሳይሆን ምስሉን፣ ምስሉንም በእጁ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው የሚያገኘው። የሚያገኘውም መዝጋቢው መጽሐፉን በትክክል መዝግቦት ከሆነ ብቻ ነው። በስሕተት የተመዘገበ ምስል ከጠፋ መጽሐፍ የሚለየው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ አለ፣ ግን ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ዲጂታል ግምጃ ቤት መረጃውን እንዴት እንደሚያደራጅና እንዴት እንደሚያረጋግጥ ማወቅ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

የዲጂታል ቁስ አካላት

ምስል መከመር ግምጃ ቤት ማቋቋም አይደለም። አንድ ሺህ ፎቶግራፍ በአንድ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺው እስካለ ድረስ ትዝታው ያገለግላል፤ እርሱ ሲለይ ግን የየትኛው ደብር፣ የየትኛው መጽሐፍ፣ የስንተኛው ቅጠል ምስል እንደሆነ የሚነግር አይኖርም። ይህን ችግር ለመፍታት በኮምፒውተር ሳይንስ የቀረበው ሐሳብ «ዲጂታል ቁስ» የሚባለው ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1995 በግልጽ ያቀረቡት፣ ከኢንተርኔት መሠረት ጣዮች አንዱ የሆነው ሮበርት ካንና የሥራ ባልደረባው ሮበርት ዊለንስኪ ናቸው። እንደ እነርሱ አገላለጽ ግምጃ ቤት የሚያስቀምጠው ፋይልን ብቻውን አይደለም፤ ፋይሉን ከቋሚ መለያውና ስለ እርሱ ከሚናገረው ገላጭ መረጃ ጋር በአንድነት አስሮ ነው። ምስሉ ያለ ገላጭ መረጃው፣ ገላጭ መረጃውም ያለ ምስሉ ብቻውን እንዳይንከራተት ሁለቱ በአንድ ጥቅል ይታሰራሉ።

ከጥቅሉ አካላት ሁሉ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚታየው መለያው ነው። መለያ ሲሰጥ ቦታን፣ የመደርደሪያ ቁጥርን ወይም የባለቤትን ስም በውስጡ ማስገባት ቀላል ይመስላል። ጉዳቱን ግን የአንድ መጽሐፍ ታሪክ ያሳያል። ከመቅደላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ከገቡት መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 መጽሐፉ እንዲመለስላቸው በደብዳቤ ስለጠየቁ ሙዚየሙ «ኦሪየንታል 819» የተባለውን ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ መለሰ። ቁጥሩ በለንደን መዝገብ ላይ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ የለም። መለያው ቦታን የሚያመለክት ከሆነ ቦታው በተለወጠ ቁጥር መለያው ሐሰት ይሆናል፤ መለያውም ከተለወጠ ቀድሞ በእርሱ የጠቀሱት ጥናቶች ሁሉ ባዶ ያመለክታሉ። ስለሆነም የዘመኑ ግምጃ ቤቶች ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር ሰጥተው፣ መጽሐፉ የት እንደነበረና የት እንዳለ በገላጭ መረጃው ውስጥ ከነዘመኑ ይመዘግባሉ። ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው መዝገቡ ነው።

ሁለተኛው ዋና ጉዳይ «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ብሩስ ከኢትዮጵያ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄዷል፤ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፣ የቀሩት ውለው አድረው በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገቡ። እነዚህ ሦስት መጻሕፍት ናቸው ወይስ አንድ መጽሐፍ? ለቁም ጸሐፊው ሦስት ናቸው፤ ለትርጓሜ መምህሩ አንድ ነው። ግምጃ ቤት ሁለቱንም መልሶች መያዝ ስላለበት አንድ መዝገብ ለድርሰቱ፣ ሌላ መዝገብ ለእያንዳንዱ የብራና ቅጂ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለምስሎቹ ይከፍታል። «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የሐምቡርግ ሥራ ለድርሰቶች፣ ለብራና ቅጂዎች፣ ለሰዎች፣ ለቦታዎችና ለተቋማት የተለያየ የመዝገብ ፋይል የሚያዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያም የብራናው መዝገብ የድርሰቱን ፍሬ ነገር መልሶ ሳይጽፍ የድርሰቱን ቁጥር ብቻ ይጠራል። አንድ ነገር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል፤ ሌላው ሁሉ ያመለክታል። ይህ ደንብ ከተጠበቀ አንድ ስሕተት በአንድ ቦታ ሲታረም በሁሉም ይታረማል፤ ካልተጠበቀ ግን በአምስት ቦታ የተጻፈ ስም በአምስት ዓይነት ይገኛል።

ምስሎቹን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለጥበቃ የሚቀመጠው ምስል ሳይታመቅ በትልቅ መጠን ይያዛል፤ ለአንባቢ የሚቀርበው ከእርሱ የተወሰደ ትንሽ ቅጂ ነው። ትንሹ ቢጠፋ ከትልቁ ይሠራል፤ ትልቁ ከጠፋ ግን ከትንሹ አይመለስም።

ጐንደር ወይስ ጎንደር

መረጃ በአማርኛና በግእዝ ሲመዘገብ በሌሎች ቋንቋዎች የማያጋጥም ችግር ይነሣል። የከተማይቱ ስም ራሱ «ጐንደር» ተብሎም «ጎንደር» ተብሎም ይጻፋል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን «ጐ» እና «ጎ» እንደ «መ» እና «ረ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ዓፄ»፣ «ዐፄ»፣ «አፄ» እና «አጼ» እንዲሁ ናቸው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ በዲስክ የተቀመጡ ጽሑፎችም ዛሬ ሊነበቡ የሚችሉት የቀድሞው የፊደል ቅርጽ ፋይል ከተገኘ ነው። ዩኒኮድ ይህን ችግር ፈታ፤ ሞክሼ ፊደላትን ግን አንድ አላደረገም። ማድረግም አይገባውም፤ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በግእዝ ትርጉማቸው የተለያየ ነውና።

መፍትሔው ጽሑፉን መለወጥ ሳይሆን ከጽሑፉ ጎን ሌላ መዝገብ ማቆም ነው። የብራናው ጸሐፊ የጻፈው እንደ ጻፈው ይቀዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁሉም አጻጻፎች የሚጠሩበት አንድ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ፈላጊው በየትኛውም አጻጻፍ ቢጽፍ ወደዚያው ቁጥር ይመራል። ይህ ዓይነት የጸደቀ የስሞች መዝገብ ከሁሉ አድካሚው፣ ከሁሉም ይልቅ ጠቃሚው የግምጃ ቤቱ ክፍል ነው፤ በጀት ሲቀነስ ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታጠፈው እርሱ ነው።

የቦታ ስም ደግሞ ከፊደሉ በላይ ዘመን አለው። «ሰሜን ጎንደር» በአንድ ሰነድ ላይ ቢገኝ ምን ማለት ነው? አካባቢው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን ጎንደር ክፍለ ሀገር ይባል ነበር። በክልሉ አስተዳደር የተቋቋመው የሰሜን ጎንደር ዞን በመጀመሪያ ጎንደር ከተማን ማእከል አድርጎ ከስሜን ተራሮች እስከ ሱዳን ድንበር ይዘልቅ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዞኑ ለሦስት ሲከፈል ስሙ የቀረው ደባርቅን ዋና ከተማ ላደረገው ክፍል ብቻ ነው፤ የቀሩት ማእከላዊ ጎንደርና ምዕራብ ጎንደር ተባሉ። እንግዲህ ከክፍፍሉ በፊት «ሰሜን ጎንደር» ተብሎ የተመዘገበ ትምህርት ቤት ወይም ደብር ዛሬ በዚያ ስም በሚጠራው ዞን ላይኖር ይችላል። የዕቅድ ባለሙያዎች የሁለት ዘመን አኀዞችን ሲያነጻጽሩ የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ የቀነሰው ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሳይሆን ድንበሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በደንብ የተደራጀ መዝገብ ለቦታው ቋሚ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ስሙ ደግሞ መነሻና መድረሻ ዓመት ይሰጣል።

ማረጋገጥ እንዴት ይከናወናል

የማረጋገጥ ሐሳብ ለብራና ሥራ እንግዳ አይደለም። ጥራዝ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 ጥንድ ቅጠል ይዘጋጃል፤ ጸሐፊውም በየጥራዙ መጀመሪያ ኅዳግ ላይ የጥራዙን ቁጥር በግእዝ አኀዝ ይጽፋል። ጠራዡ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ይሰፋል፤ ፬ ጠፍቶ ፭ ከመጣ መጽሐፉ ሳይደጐስ ስሕተቱ ይታወቃል። ምልክቱ ስለ መጽሐፉ ይዘት የሚናገረው የለም፤ መጕደሉን ግን ያስታውቃል። የዲጂታሉ ማጣሪያ ጠባይም ይኸው ነው።

በቀላል ሒሳብ የሚከናወን ምሳሌ ከክፍል ውስጥ ትምህርት ጋር ይስማማል። አንድ የመዝገብ ቁጥር 4175 ነው እንበል። አኀዞቹን ከግራ ጀምሮ በ1 እና በ3 እያፈራረቁ ማባዛትና መደመር፤ 4 ሲደመር 3 ሲደመር 7 ሲደመር 15፣ ድምሩ 29 ይሆናል። ወደ 30 ለመሙላት የሚጐድለው 1 ስለሆነ ይህ አኀዝ በመጨረሻ ተጨምሮ ቁጥሩ 41751 ይባላል። ጸሐፊው ተሳስቶ 14751 ብሎ ቢያስገባ የ1475 ድምር 35፣ የሚጐድለው 5 ነው፤ መጨረሻው ግን 1 ስለሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም። በመጻሕፍት ጀርባ የሚታተመው የዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ በኢትዮጵያ መጻሕፍት ላይ ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለው፣ የመጨረሻ አኀዙ የሚወጣው በዚሁ ስልት ነው። ይሁንና ስልቱ ሁሉን አይዝም። 4275 እና 4725 ቢነጻጸሩ የመጀመሪያው ድምር 32፣ የሁለተኛው 42 ስለሆነ ሁለቱም የሚጐድላቸው 8 ነው፤ 2 እና 7 ቦታ ቢለዋወጡ ማጣሪያው ዝም ይላል ማለት ነው። ልዩነታቸው 5 የሆነ ጎረቤታም አኀዞች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ተማሪዎች ምክንያቱን ራሳቸው እንዲደርሱበት ማድረግ ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል።

ለምስል ፋይሎች የሚያገለግለው ማጣሪያ በሐሳብ ተመሳሳይ፣ በኃይል ግን እጅግ የላቀ ነው። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን አኀዞች ሁሉ በአንድ የተወሰነ ስሌት አሳልፎ አጭር የማጣሪያ ድምር ያወጣል። ከሚሊዮኖች አኀዞች አንዱ ብቻ ቢለወጥ ድምሩ ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። ምስሉ ወደ ግምጃ ቤቱ ሲገባ ድምሩ ይመዘገባል፤ ከዚያም በየጊዜው እንደገና ተሰልቶ ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። ዲስክ በዕድሜ ሲደክም ወይም ፋይል ሲቀዳ መብራት ቢቋረጥ፣ ጉዳቱ በዓይን ከመታየቱ በፊት የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ፋይሉ ጤናማ ቢሆንም ስብስቡ ጐዶሎ ሊሆን ይችላል። የ120 ቅጠል መጽሐፍ ሁለት ሁለት ገጹ ተገልጦ ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ ለየብቻቸው ስለሚወጡ 121 ምስል መኖር አለበት። የተገኘው 120 ከሆነ በመካከል አንድ ግላጭ ታልፏል። ይህ ማጣሪያ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ የቅጠሉ ብዛት ከፎቶግራፉ በፊት ተቈጥሮ መመዝገቡን ብቻ ይፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ከስሜን ደጋ ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ጐደሎው ቢታወቅ ዳግመኛ መውጣት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ቈጠራው በዚያው በደብሩ፣ ገበዙ መጽሐፉን ወደ ዕቃ ቤት ከመመለሱ በፊት መከናወን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የገላጭ መረጃው ማጣሪያ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የሚሞላበት ቅጽ አለው፤ ቅጹም ኮምፒውተር በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ ደንብ አለው። ደንቡ የትኛው ቦታ የግድ እንደሚሞላ፣ የትኛው ቍጥር ብቻ እንደሚቀበል፣ የትኛው ሊደጋገም እንደሚችል፣ የትኛውስ ከጸደቀ መዝገብ ካልሆነ በቀር በእጅ እንደማይጻፍ ይወስናል። የሐምቡርጉ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1987 ለጽሑፍ ጥናት በተጀመረ ዓለም አቀፍ የአጻጻፍ ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ ለኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚስማማ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡን የሚጥስ ፋይል ስሕተቱ ከነመስመሩ ተጠቁሞ ለአዘጋጁ ይመለሳል። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የሚቀመጡበት «ዲስፔስ» የተባለው ሥርዓትም ቀለል ባለ ሁኔታ ይህንኑ ያደርጋል፤ አርእስትና ዓመት ሳይሞሉ ጽሑፍ ማስገባት እንዳይቻል ሊታዘዝ ይችላል።

የደንቡ ጥበብ የሚፈተነው ግን በዘመን ቈጠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ 1859 የሚለው አኀዝ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። አንዱ በፓሪስ የዳባዲ ካታሎግ የታተመበት፣ ሁለተኛው የጎንደር አድባራት መጻሕፍታቸውን ያጡበት ዓመት ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ያህል አለ። ዓመትን እንደ ተራ ቍጥር ብቻ የሚቀበል ቅጽ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከቍጥሩ ጋር የዘመን ቈጠራው ዓይነት የግድ መመዝገብ አለበት። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ዘመኑ በዓመተ ዓለም፣ በዓመተ ምሕረት፣ በዓመተ ሰማዕታት ወይም በነገሥታት ዘመን ሊነገር ይችላል። ለምሳሌ አንድ ጸሐፊ በ፸፪፻፴፯ ዓመተ ዓለም ጻፍሁ ቢል፣ ይህ 7237 ነው፤ 5500 ሲቀነስ 1737 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያው ማስታወሻ «በንጉሣችን ኢያሱ ዘመን» የሚል ቢጨምር፣ ኮምፒውተሩ ከነገሥታት መዝገብ ጋር አገናዝቦ ዳግማዊ ኢያሱ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. እንደነገሡ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ግን ከዚያ አስቀድመው እንዳለፉ በማየት የትኛው ኢያሱ እንደሆኑ ሊጠቁም ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ መዝገቡ አይጣልም፤ ለሊቅ እንዲታይ ምልክት ይደረግበታል። ስሕተቱ የመዝጋቢው ሳይሆን የጥንቱ ጸሐፊ ሊሆን ይችላልና፣ የጥንቱን ጸሐፊ ማረም የግምጃ ቤት ሥራ አይደለም።

ወራቱም እንዲሁ ናቸው። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ጳጕሜን እንደ ስሕተት ይቈጥራታል። ጳጕሜን የሚያውቀውም ቢሆን ስድስተኛው ቀን መቼ እንዳለ ማወቅ አለበት። ደንቡ ቀላል ነው፤ የዓመተ ምሕረቱ ቍጥር ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጕሜን 6 ትሆናለች። ስለዚህ «ጳጕሜን 6 ቀን 2015» ትክክል ነው፤ «ጳጕሜን 6 ቀን 2014» ግን የሌለ ቀን ነው። የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ያላቸው መምህራን በየጉባኤ ቤቱ እያሉ ይህን ደንብ ከውጭ ለመጣ ፕሮግራም ማስተማር የሚገባው የእኛ ባለሙያ ነው።

ማጣሪያ የማይደርስበት

ደንቡን ሁሉ ያሟላ መዝገብ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ መዝጋቢ የመጽሐፉ ባለቤት «ቍስቋም» መሆኑን አንብቦ ከቦታዎች መዝገብ ውስጥ በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸችውን የጎንደሯን ቍስቋም በመምረጥ ፈንታ የግብጿን ደብረ ቍስቋም ቢመርጥ፣ ቍጥሩ በመዝገብ ያለ፣ ዓይነቱም ቦታ ስለሆነ ማጣሪያው ያሳልፈዋል። ከመቅደላ በተወሰዱት መጻሕፍት ላይ ደግሞ ችግሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ላይ የመድኃኔ ዓለም ስም ይገኛል፤ የቀድሞው የጎንደር ደብር ስም በሌላ ገጽ ላይ ቀርቶ ወይም ተፍቆ ሊሆን ይችላል። «ባለቤት» የሚል አንድ ቦታ ብቻ ያለው ቅጽ መዝጋቢውን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ የመጨረሻውን ስም ብቻ ከጻፈ ጎንደር ከመጽሐፉ ታሪክ ተፋቀች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት ከመረጃው ሳይሆን ከቅጹ የሚመጣ ስለሆነ የትኛውም ማጣሪያ አያገኘውም። ቅጹ ባለቤቶችን በተርታ፣ ከነማስረጃቸውና ከነቅጠሉ ቍጥር እንዲቀበል ሆኖ መሠራት ነበረበት። ቅጽ ሲነደፍ የአድባራቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በቦታው መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

እርማትም በሥርዓት ካልተያዘ ራሱ ጥፋት ይሆናል። በደንብ የተደራጀ ግምጃ ቤት የቀድሞውን ጽሑፍ ሳይደመስስ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይይዛል። የኋለኛው ሊቅ የፊተኛውን ቢያርም፣ ሌላ ደግሞ ተነሥቶ የፊተኛው ትክክል ነበር ቢል፣ ሁለቱም በመዝገቡ ይገኛሉ። በትርጓሜ ጉባኤ «አንድም» እየተባለ ልዩ ልዩ ሐሳብ ጎን ለጎን እንደሚቆም ማለት ነው።

ግምጃ ቤቱ ራሱም ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች በወንጀለኞች ጥቃት ሲደርስባቸው በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና ምስሎች፣ የመቅደላዎቹም ጭምር፣ ለረዥም ጊዜ ከአንባቢ ተሰወሩ። ብራናዎቹ ከመደርደሪያቸው አልተነሡም፤ ሆኖም ከለንደን ውጭ ላለ ሰው እንደሌሉ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት የተነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ በሚኒሶታና በሐምቡርግ ያለ ተማሪ በቀላሉ የሚከፍተውን የኢትዮጵያ ብራና ምስል የጎንደር ተማሪ ሊያየው አይችልም ነበር። ሁለቱ አጋጣሚዎች መንሥኤያቸው የተለያየ ነው፤ ያሳዩት ግን አንድ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በአንድ መስመር ብቻ የሚደረስበት ሀብት በአስተማማኝ አልተጠበቀም።

ለትምህርት ቤቶችና ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች

ከላይ የተገለጸው አሠራር ትልቅ ተቋም ብቻ የሚችለው ሊመስል ይችላል፤ መሠረቱ ግን በማንኛውም ትምህርት ቤት የሚሠራ ነው። የተማሪዎች መዝገብ ራሱ ግምጃ ቤት ነው። የአንድ ልጅ ስም በ8ኛ ክፍል ካርድ «ሠናይት»፣ በ12ኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ «ሰናይት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ወይም «ወልደ ገብርኤል» በአንዱ ዘመን ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ሲገባ፣ ልጁ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ማስረጃውን አገናኝቶ ለማስተካከልም ከወረዳ ወደ ዞን መመላለስ ይገደዳል። ለተማሪው በመጀመሪያ ምዝገባ የሚሰጥ፣ ትምህርት ቤት ቢቀይርም የማይለወጥ፣ የማጣሪያ አኀዝ ያለው ቍጥር ይህን ያስቀራል። የአያት ስም የሚል ቦታ በውጭ ልማድ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ እንዳይተረጐምም ቅጹን የሚያወጡት ሊጠነቀቁ ይገባል፤ በዚያ ልማድ ወንድምና እህት በአንድ ስም ይጠራሉ፣ በእኛ ግን አባትና ልጅ እንኳ የመጨረሻ ስማቸው አንድ አይደለም።

የአካባቢ ታሪክ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ በደባርቅም ይሁን በዳባት፣ በአጥቢያው ካህናት ፈቃድ የሚያነሷቸውን ፎቶግራፎችና የሚቀዷቸውን የሽማግሌዎች ቃል በተራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ሊያደራጁ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፤ በመስመሩ ቋሚ ቍጥር፣ የቦታው ስም በተጻፈበትና በተስማሙበት አጻጻፍ፣ ቀኑ ከነዘመን ቈጠራው፣ የቀረጸው ሰውና የተሰጠው ፈቃድ፣ በመጨረሻም የፋይሉ የማጣሪያ ድምር ይገባል። ድምሩን የሚያወጡ ነጻ ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሁለት ዲስክ ተዘጋጅቶ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥና በየመንፈቀ ዓመቱ በሁለቱም ላይ የእያንዳንዱ ፋይል ድምር እንደገና ተሰልቶ በመስመሩ ከተመዘገበው ጋር ቢነጻጸር፣ የማይስማማው መስመር የትኛው ፋይል እንደተበላሸ ያሳያል፤ የተበላሸውም ከጤነኛው ዲስክ ይቀዳል።